ለአማት መንጋጋ የተለካው ወርቅ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ የታላቅ ወንድሜን የኡስቶ ናሪሞንን የሕይወት ጉዞ እንዳሰማችሁ ቤተሰቡ አዞኛል።

ኡስቶ ናሪሞን ከአባታቸው ከበርሜል ሠሪው ሙሮድና ከእናታቸው ከቢቢ ሶሮ በኮኒቦዶም ተወልደው፣ ዕድሜያቸው ሲደርስ ዱሻንቤ ወርደው የጥርስ ሥራ ተምረው «ኡስቶ»፣ ማለትም ባለሙያ፣ ተባሉ። ፊተኛው መንጋጋ ትልቁ፣ ቀጣዩ አነስ ያለ፣ የመጨረሻው ደግሞ ከሁሉ ያነሰ መሆኑን ጠንቅቀው ያወቁ ሲሆን፣ የአንዱ ሰው መንጋጋ ከሌላው እንደሚለይ የተነገረ ዕለት ግን ከክፍል ሳይቀሩ አልቀሩም።

ኩጃንድ ገብተው ሱቅ እንደከፈቱ ወይዘሮ ሳፋርጉልን አጩ። በዘመኑ ሙሽራን ያለ ወርቅ ጥርስ መዳር ነውር፣ እጮኛን ከሠርግ በፊት ማየትም ነውር በመሆኑ፣ ወንድሜም የሌላ ጥርስ ሠሪ እጅ እጮኛቸውን እንዳይነካ ቀንተው ሲጨነቁ፣ አማታቸው ሱቅ ድረስ መጥተው፣ «ልጄ ቁርጥ እኔን ናት! የእኔን ለካ!» ብለው አፋቸውን ከፈቱ። አማቲቱ ነፍሳቸውን ይማርና መንጋጋቸው ሰፊ፣ ጠንካራ ለውዝ ከነቅርፊቱ በጥርሳቸው የሚሰብሩ ሴት ነበሩ። ወንድሜም በእሳቸው ልክ የወርቅ ሽፋን ሠርተው ለሙሽራዋ ላኩ።

በሠርጉ ዕለት ሙሽሮቹ የቀመሱት ፕሎቭ የተባለው የሩዝ ምግብ ለበረከት ወደ እኛ ሲዞር፣ ወርቁ ከሙሽራዋ አፍ ወልቆ ሩዙ ውስጥ ኖሮ፣ ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ የራሴ መንጋጋም ለሁለት ተሰነጠቀ። አክስቶቻችን «ገና በሠርጓ ጥርሷ የረገፈ ሙሽራ ቤት አታቆምም!» እያሉ የጥሎሹን ጨርቅ መልሰው ሊወስዱ መሰብሰብ ሲጀምሩ የወንድሜ ፊት አመድ መሰለ። ያን ጊዜ በወጉ ድምፃቸው ሊሰማ የማይገባ ሙሽራዋ ከሚከልላቸው መጋረጃ ጀርባ፣ «እናቴን ለክተህ እኔን ልታገባ ነው? ከሁለት አንዳችንን ምረጥ!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ጨርቁም ወደ ቦታው ተመለሰ።

ወንድሜ ከዚያ ወዲህ አፉን ሳያዩ ለማንም ጥርስ አልሠሩም። ልክ የሆነ ሌላ ወርቅ ላድርግልሽ ብለው ቢለምኑም ወይዘሮ ሳፋርጉል እምቢ ብለው፣ ያንኑ ሰፊ ጥርስ በጥርስ ማጣበቂያ ሲሚንቶ እያስያዙ ኖሩ፤ ባላቸው ወሬ ባበዙ ቁጥርም በምላሳቸው ቀጭ ቀጭ ያደርጉት ነበር፤ ኡስቶም ወዲያው ዝም ይላሉ።

ሦስት ሴት ልጆችን አፍርተው፣ ሁሉንም ድረዋል፤ የሁሉንም ጥርስ ራሳቸው ለክተዋል። በመጨረሻው ሕመማቸው አንደበታቸው ተይዞ ዓይናቸውን መግለጥ ሲያቅታቸው፣ ባለቤታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ቀጭ ሲያደርጉ ፈገግ ይሉ ነበር። እንደዚያ ፈገግ እንዳሉ ዐረፉ።

ኡስቶ ናሪሞን ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና አንድ መንጋጋ የጎደለኝን እኔን ትተው ሄደዋል። አላህ ይማራቸው፣ ጀነትን ይወፍቃቸው። ስለ ደግነታቸው ገና ብዙ የምለው ነበረኝ፤ ነገር ግን ከሴቶቹ ክፍል ቀጭ ቀጭ ሲል ሰምቻለሁ፤ ወንድሜ ዝም ይሉ ነበርና እኔም ዝም እላለሁ።