የአንጓች ራስ ምታት

ከወረዳው ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የሸክላ ሠሪዎች መንደር፣ ረፋድ ላይ፤ ወይዘሮ እንጉዳይ ደጃፋቸው ላይ ጭቃ እያሹ፣ ስለ እናቶች ጤና ልታጠና ከዩኒቨርሲቲ የመጣችው ፍሬሕይወት በርጩማ ላይ ተቀምጣ መልሳቸውን በታብሌቷ እየመዘገበች።

ፍሬሕይወት፦ እማማ እንጉዳይ፣ የጤና ጣቢያውን ጥያቄ ሳልጨርሰው እኮ ነው «ረክቻለሁ» የሚሉኝ!

እንጉዳይ፦ ታዲያ ምን ልበልሽ ልጄ? አምናም መጡ፣ ካቻምናም መጡ። «ረክቻለሁ» ሲሏቸው ቶሎ ይነሣሉ። እኔም ጭቃዬ ሳይደርቅብኝ ወደ ሥራዬ።

ፍሬሕይወት፦ እኔ ቶሎ ለመነሣት አልመጣሁም። እውነቱን ነው የምፈልገው።

እንጉዳይ፦ ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ አሉ። በይ ጠይቂ። እጄ ግን አይቆምም፤ እየሠራሁ ነው የማወራሽ።

ፍሬሕይወት፦ ጤና ጣቢያው አጠገባችሁ እያለ፣ በዚህ መንደር ሴቱ ሁሉ በየቤቱ ነው የሚወልደው። ለምንድን ነው? መንገዱ ከብዷችሁ ነው?

እንጉዳይ፦ ጣራው ከዚህ ይታይሻል። ያ የሚያብለጨልጨው ነው።

ፍሬሕይወት፦ ክፈሉ ይሏችኋል?

እንጉዳይ፦ ለወላድ በነጻ ነው።

ፍሬሕይወት፦ ባሎቻችሁ ይከለክላሉ?

እንጉዳይ፦ የኔን ባል አፈር ከበላው ቆየ። ከመቃብሩ ተነሥቶ ካልከለከለኝ በቀር።

ፍሬሕይወት፦ እንግዲያው ምክንያቱ ምንድን ነው?

እንጉዳይ፦ ረክተናል አልኩሽ! በየቤታችን ረክተናል።

ፍሬሕይወት፦ እማማ!

እንጉዳይ፦ መጀመሪያ አንቺ ንገሪኝ። ስትመጪ ዳቦ ቆርሼ ሰጠሁሽ። ለምን አልቀመስሽውም?

ፍሬሕይወት፦ ጠግቤ ነው። ቁርስ በልቼ ነው የመጣሁት።

እንጉዳይ፦ የጠገበ እንኳ ለወግ ያህል ይቆርሳል።

ፍሬሕይወት፦ እማማ፣ እኔ እንዲያ አስቤ...

እንጉዳይ፦ አይክፋሽ፣ ለምጄዋለሁ። ገበያ ላይ እንስራዬን ይገዙኛል፤ ቤታቸው ወስደው ውሃ ይጠጡበታል። ከእጄ ግን አይጠጡም። «ቡዳ ናቸው፣ ሰው በዓይናቸው ይበላሉ» ይሉናል። እስቲ እዪኝ፤ ሰው የምበላ ብሆን እንዲህ እከሳ ነበር?

ፍሬሕይወት፦ አፈርኩ እማማ። ይስጡኝ ዳቦውን።

እንጉዳይ፦ አሁንማ ስለተናገርኩሽ ነው። ተይው፣ ይቀመጥ።

ፍሬሕይወት፦ ጤና ጣቢያውም እንዲህ ነው የሚያያችሁ?

እንጉዳይ፦ ከፍትፍቱ ፊቱ ሲባል አልሰማሽም? መድኃኒቱማ አለ። ፊቱ ነው የጠፋው።

ፍሬሕይወት፦ ምን ደረሰባችሁ? ይንገሩኝ።

እንጉዳይ፦ ትልቋ ልጄ ጥሩዓለም ትባል ነበር። ወሯ ሲገባ፣ «ምጥ ድንገት እንዳይዝሽ እናቶች ማቆያው ገብተሽ ቆዪ» አሏት። ደስ ብሏት ገባች። ለነርሶቹ ብላ ድስት ሠርታ፣ በሣር ጠቅልላ ይዛላቸው ሄደች። እዚያ ያሉት እርጉዞች ማን መሆኗን ሲያውቁ ጉድ ፈላ። «ከእሷ ጋር አንድ ቤት አናድርም፣ ፅንሳችንን በዓይኗ ትበላብናለች» አሉ። ነርሷ ምን ያደረገች ይመስልሻል?

ፍሬሕይወት፦ ሴቶቹን ተቆጣቻቸው?

እንጉዳይ፦ ጥሩዓለምን ማገዶ ቤት አዛወረቻት። «ለጊዜው ነው እናቴ፣ ጸብ እንዳይነሣ ብዬ ነው» አለቻት። በትሕትና ነው ያለቻት፤ አልዋሽም።

ፍሬሕይወት፦ ከዚያስ?

እንጉዳይ፦ ከዚያማ ሰው አይደለችም? ከነሆዷ ተነሥታ ወደ ቤቷ መንገድ ጀመረች። ምጡ መንገድ ላይ ያዛት። ሰው ሲያገኛት ደሟ አልቆም ብሏል። በቃሬዛ ይዘናት ስንመለስ፣ «ለምን ጥላ ሄደች? ያልተማረ ሰው እኮ!» ብለው እኛኑ ተቆጡን።

ፍሬሕይወት፦ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ልጁስ?

እንጉዳይ፦ ከእናቱ ጋር ነው ያለው። አንድ ላይ ነው የቀበርናቸው።

ፍሬሕይወት፦ ይህን መጻፍ አለብኝ።

እንጉዳይ፦ እስቲ ጻፊው። በዚያ በምትጽፊበት መስታወትሽ ላይ ይህን ምኑ ጋ ታስገቢዋለሽ? «መንገድ ርቋት ነው» ልትይ ነው?

ፍሬሕይወት፦ ቦታ አላበጁለትም። «ሌላ» የሚል ነው ያለው።

እንጉዳይ፦ እሱ ነው የኛ ቦታ። ጥንትም «ሌላ» ነን።

ፍሬሕይወት፦ እማማ፣ ቤት ውስጥ ሰው አለ እንዴ? የሚያቃስት ሰማሁ።

እንጉዳይ፦ ታናሿ ናት፣ አንጓች። ምች መትቷት ነው። ዳማከሴ አሽቼ አጥኛታለሁ፤ ይለቃታል።

ፍሬሕይወት፦ ምቹ ምን ያደርጋታል?

እንጉዳይ፦ ራሷን ይፈልጣታል። ሻሽ ጠፍራ ተኝታለች። ትናንት ደግሞ የገንቦውን ጆሮ አጣማ ለጠፈችው፤ እጇ እንዲያ አያውቅም ነበር። «ምነው?» ብላት፣ «እማዬ፣ ገንቦው ሁለት ሆኖ ይታየኛል» አለችኝ።

ፍሬሕይወት፦ እርጉዝ ናት?

እንጉዳይ፦ ማን ነገረሽ?

ፍሬሕይወት፦ እማማ እንጉዳይ፣ እርጉዝ ናት ወይ?

እንጉዳይ፦ ናት። ወሯ ግን ገና ነው።

ፍሬሕይወት፦ ፊቷስ? እጇስ አብጧል?

እንጉዳይ፦ ወፍራለች። ቀለበቷ አልወጣ ብሏት በሳሙና ነው ያወጣሁላት። እርግዝና ያወፍር የለም እንዴ?

ፍሬሕይወት፦ እዚህ ጋ፣ ከጎድኗ ሥር ያማታል?

እንጉዳይ፦ «ጨጓራዬን» ትላለች። ምነው ልጄ፣ ጠንቋይ ነሽ እንዴ?

ፍሬሕይወት፦ ወደ ጥናት ከመግባቴ በፊት አዋላጅ ነርስ ነበርኩ። እማማ፣ ይሄ ምች አይደለም፣ የእርግዝና ደም ግፊት ነው። ካልታከመ ያንዘፈዝፋታል፤ ከዚያ በኋላ እሷንም ፅንሷንም...

እንጉዳይ፦ አታሟርቺብኝ!

ፍሬሕይወት፦ አላሟረትኩም። ገብቼ ልያት።

እንጉዳይ፦ እዚያው ተቀመጪ! እባብ ያየ በልጥ በረየ። አንዷን አምኜ ሰጥቻችሁ ቀብሬአታለሁ። ይቺኛዋ እናቷ እጅ ላይ ትሁን።

ፍሬሕይወት፦ እናቷ እጅ ላይ ብትሞትስ?

እንጉዳይ፦ አፍሽን ያዢ!

ፍሬሕይወት፦ ክፉ ተናገርኩ፣ ይቅር ይበሉኝ። ግን እጅዎ ቆሟል እማማ። እርስዎም ፈርተዋል።

እንጉዳይ፦ እንዴት አልፈራ? ስታቃስት ነው ያደረች። ሸክላ እሳት ላይ ሊፈነዳ ሲል ቀድሞ ይጮኻል፤ ያን ጊዜ ማገዶውን ጎትተሽ ካላወጣሽ አለቀልሽ። ድምፁን አውቀዋለሁ። አውቄስ የት ልውሰዳት? እዚያው ማገዶ ቤት?

ፍሬሕይወት፦ ጤና ጣቢያው አይደለም። ከተማ፣ ሆስፒታል ነው የምንወስዳት። የመጣሁበት መኪና ድልድዩ ጋ ቆሟል።

እንጉዳይ፦ የጥናት መኪና አይደለም እንዴ? በሽተኛ ይጭናል?

ፍሬሕይወት፦ አይጭንም። ዛሬ ግን ይጭናል። ለሚጠይቀኝ እኔ እመልሳለሁ።

እንጉዳይ፦ እሺ፣ መኪናው ይጫናት። የሆስፒታሉ ሰዎችስ ከሰማይ የወረዱ ናቸው? የዚሁ አገር ሰዎች ናቸው። ካርድ ክፍሉ ገና «ከየት ነሽ?» ሲላት መንደሯን ያውቁታል።

ፍሬሕይወት፦ እንግዲያው አንነግራቸውም። «ከወንዙ ማዶ ናት፣ የገበሬ ልጅ ናት» እንላለን። ማን ያውቅብናል?

እንጉዳይ፦ ምን አልሽ?

ፍሬሕይወት፦ ለዛሬ ብቻ። እስክትድን።

እንጉዳይ፦ እኔስ? በሩ ላይ ስቆም «ምኗ ነሽ?» ሲሉኝ ምን ልበል? ሠራተኛዋ ነኝ? ልጇ ተወልዶ በሰው ስም ይታቀፍ? እንዲህ ሆና ከምትድንስ...

ፍሬሕይወት፦ አይጨርሱት!

እንጉዳይ፦ አልጨርሰውም፤ እናት ነኝ፣ አልጨርሰውም። ብቻ አትደብቂያት። አንቺም ከደበቅሻት፣ ታሳፍራለች ብለሽ አምነሻል ማለት ነው።

ፍሬሕይወት፦ እውነትዎን ነው። አልደብቃትም።

እንጉዳይ፦ ታዲያ ማን ናት ብለሽ ልታስገቢያት ነው? «ለጥናት ስዞር ያገኘኋት» ልትይ ነው? እንዲህ ካልሽማ ኮሪደር ላይ ነው የምትቀረው። ዘመድ የሌለው በሽተኛ ማን ያነሣዋል?

ፍሬሕይወት፦ «አንጓች ትባላለች፣ የሸክላ ሠሪዋ የወይዘሮ እንጉዳይ ልጅ ናት፣ እህቴ ናት» እላለሁ።

እንጉዳይ፦ እህቴ?

ፍሬሕይወት፦ አዎ፣ እህቴ።

እንጉዳይ፦ ይሄ ቀልድ አይደለም ልጄ። እዚያ የሚያውቅሽ ሰው የለም?

ፍሬሕይወት፦ አለ። የማዋለጃ ክፍሉ ኃላፊ የባለቤቴ እህት ናት።

እንጉዳይ፦ በሞትኩት! ከምሳ በፊት የባልሽ እናት ጆሮ ይገባል እኮ። «ዘሯን ደብቃ ቤታችን ገባች» ይሉሻል። ማዕድ ይለዩሻል። እኔ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ በዚህ የተነሣ ትዳሯ የፈረሰ አውቃለሁ።

ፍሬሕይወት፦ ያደርጉት ይሆናል።

እንጉዳይ፦ እና አልፈራሽም?

ፍሬሕይወት፦ እጄን ይያዙት እስቲ።

እንጉዳይ፦ እጄ ጭቃ ነው።

ፍሬሕይወት፦ ይሁን።

እንጉዳይ፦ ውይ፣ በረዶ ሆነሻል እኮ!

ፍሬሕይወት፦ ፈርቻለሁ እማማ። ግን የምንፈራበት ጊዜ የለንም። እኔ ከአልጋዋ ሥር አልነቃነቅም። እርስዎ ደግሞ አንድ ነገር ይማሉልኝ፤ ማንም ምን ቢል ሕክምናዋን ሳትጨርስ ይዘዋት አይወጡም። እንደ ጥሩዓለም ከፍቷት ትነሣለች ብዬ ነው የምፈራው።

እንጉዳይ፦ ቢሰድቡኝም?

ፍሬሕይወት፦ ቢሰድቡንም።

እንጉዳይ፦ «ቢሰድቡን» ነው ያልሽው?

ፍሬሕይወት፦ አዎ። ቢሰድቡን።

እንጉዳይ፦ አንጓች! ተነሽ ልጄ፣ በዝግታ፣ ግድግዳውን ይዘሽ ውጪ። አትደንግጪ፣ እንግዳ አይደለም፤ እህትሽ ናት የመጣችው።