ግልባጭ ለማን?

ከፈላና በር ፌርማታ በተሳፈርንበት ታክሲ ውስጥ አንዲት የኮሌጅ ተማሪ ታለቅሳለች። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ጠጋ አሏት።

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

«የቀበሌ ሰው ነዎት?»

«ኧረ አይደለሁም፤ የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ነኝ።»

«አንድ መምህር አላስቀምጥ አለኝ። ትናንት አመለከትኩበት።»

«ስምሽን ጽፈሽ?»

«በምስጢር ይያዛል ብለውኛል። ደብዳቤው ላይ ‹ምስጢር› የሚል ማኅተምም መትተዋል።»

«ማኅተሙን ተዪው። ከግርጌው ግልባጭ ለማን ይላል?»

ልጅቷ ከደብተሯ ውስጥ ቅጂዋን አወጣች።

«ለዲኑ። ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ።»

«የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ማነው?»

«እሱ ራሱ፣ ያመለከትኩበት መምህር ነው።»

«ደብዳቤው ወጪ ሆኖ ተልኳል?»

«ዛሬ ጠዋት።»

ወራጅ አለ ማለት አቅቶኝ መውረጃዬን አለፍኩ።