ሙሴ ኦክታቭና ወደ ደጃቸው የዞረው መንገድ

የሳን ፓርዱ ሰዎች፣ ከሩቅም ለቀብር የመጣችሁ ወዳጆች፤ ልጃቸው ሲልቬት ይህን ወረቀት እንዳነብ ስትጠይቀኝ «ሙሴ አልቤን፣ ያንንም ነገር ያንብቡት። አባቴ በሰው ፊት ተናግሮታል፤ እኛ ብንደብቀው ውሸታም የምናደርገው እሱን ነው» ስላለችኝ፣ አርባ ሦስት ዓመት አብሬያቸው የእግር መንገድ ስቀባ የኖርኩት እኔ ምንም ሳልቀንስ አነባለሁ።

ሙሴ ኦክታቭ ቴሳንዲዬ ከአባታቸው ከግንበኛው ከሙሴ ሌዮናርና ከእናታቸው ከመዳም ፊሎሜን፣ ከዚህ ቤተ ክርስቲያን የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ በምትገኘው በላ ቮርዜል ሰፈር፣ በ1938 በመጋቢት ወር ተወለዱ። አባታቸው እንደ አያቶቻቸው በመጋቢት ወደ ፓሪስ ለግንባታ ወጥተው በኅዳር የሚመለሱ ሰው ነበሩና፣ ልጃቸው በተወለዱ በአራተኛው ቀን መዶሻቸውን በከረጢት ይዘው ሄዱ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከላ ቮርዜል ተነሥተው፣ በድንጋዩ መስቀል በኩል ቁልቁል ወርደው፣ የፈረሰውን የመነኮሳት ገዳም አልፈው፣ አሮጌውን ድልድይ ተሻግረው እዚህ ትምህርት ቤት ይመጡ ነበር። ጠዋት ብቻቸውን። ማታም ብቻቸውን። ብዙ ዓመት ከሚያንሷቸው እኅታቸው በቀር በሰፈሩ ሌላ ልጅ አልነበረም። በአሥራ ሦስት ዓመታቸው የምስክር ወረቀታቸውን ተቀብለው ከትምህርት ወጡ።

በሃያ ዓመታቸው ለውትድርና ወደ አልጄሪያ ተወስደው ሃያ ሰባት ወር ቆዩ። ስለዚያ አልተናገሩም። እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ከተመለሱ በኋላ በማዘጋጃ ቤታችን የመንገድ ሠራተኛ ሆነው ተቀጥረው ለሠላሳ ሰባት ዓመት ቦይ ሲጠርጉ፣ አጥር ሲከረክሙ፣ በረዶ ሲዝቁና መቃብር ሲቆፍሩ የኖሩ ሲሆን፣ ዛሬ በዚህ ግቢ ካረፉት ዘመዶቻችን የብዙዎቹን ጉድጓድ የቆፈሩት እሳቸው ናቸው። የቤታቸውን በር ማንኳኳት የማያስፈልግ ሰው ነበሩ፤ ሁልጊዜ ውጭ ይገኙ ነበርና።

በ1963 ልብስ ሰፊዋን መዳም ማርስሊንን አግብተው በሦስተኛው ዓመት ሲልቬትን ወለዱ። መዳም ማርስሊን ሲስቁ ከድልድዩ ይሰማ ነበር። ሁለቱ ሲጣሉ ያየ ሰው የለም ብዬ አልዋሽም፤ ጭቃ በተሸከመ ጫማ ምክንያት ያልተጣሉበት ሳምንት አልነበረም።

በ1977 የእግረኞች ማኅበራችን ሲቋቋም ብሩሽ ለመያዝ መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት እሳቸው ነበሩ። ሥራችንን የማታውቁ ጥቂት ናችሁ፤ በዛፍና በድንጋይ ላይ በዓይን ትክክል፣ ነጩን ከላይ ቀዩን ከታች አድርገን ሁለት መስመር እንቀባለን፤ መሄድ በሌለበት በኩል ደግሞ የሁለቱን ቀለም መስቀለኛ እናደርጋለን። መንገደኛ ካርታውን ትቶ ቀለሙን ያምናል። ለእያንዳንዳችን የተሰጠን የራሳችን ክፍል አለ፤ የአንዱን ክፍል ሌላው ሄዶ መፈተሽ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። የእሳቸው ክፍል በልጅነታቸው የተመላለሱበት ነበር፤ ከድንጋዩ መስቀል በገዳሙ በኩል እስከ ድልድዩ።

መዳም ማርስሊን በ2004 በየካቲት ዐረፉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የምናውቀው ከእሳቸው አፍ ነው። በዚያ ዓመት በመከር፣ ዝናብ የመታቸው ሁለት መንገደኞች ከድንጋዩ መስቀል ጋ ተሳስተው በቀኝ በኩል ባለው አስፋልት ወደ ላ ቮርዜል ወጡና ውኃ ለመኑ። ሁለት ሰዓት ተቀመጡ። የፖም ጠጅ ጠጡ፣ ካልሲያቸውን በምድጃው አደረቁ፣ ሄዱ። በማግሥቱ ሙሴ ኦክታቭ ቀለማቸውን ይዘው ወደ መስቀሉ ወረዱ፤ በግራ በኩል ያለውን ምልክት በሽቦ ብሩሽ ፍቀው በቦታው መስቀለኛ አደረጉ፤ ሁለቱን መስመር በላ ቮርዜል አልፎ ወደ ድልድዩ በሚወርደው በቀኙ አስፋልት ላይ ቀቡ። ከድልድዩም በኩል ለሚመጣው እንዲሁ አደረጉ።

መንገዱ ወደ ደጃቸው ዞረ።

ለአሥር ዓመት ከየአገሩ የመጣ እግረኛ በመስኮታቸው ሥር አለፈ። አግዳሚ ወንበር ሠሩ፤ ውኃ በማሰሮ አስቀመጡ። ለተቀመጠው ሁሉ ስለ ገዳሙ ያወሩ ነበር፤ ስለ ባለ ሁለት ቀንዱ የድንጋይ ራስ፣ ስለ ጉድጓዱ፣ ከፍርስራሹ ተወስዶ በላ ቮርዜል ቤቶች ግድግዳ ውስጥ ስለገባው ጥርብ ድንጋይ። «የት ነው እሱ? እንየው እንጂ» ሲሏቸው «እሾህ ውጦታል፣ አይገባም» ይሉ ነበር። መጀመሪያ ውሸት ነበር። በኋላ እግር ስላልረገጠው እውነት ሆነ።

እኛ የመንደሩ ሰዎች በመኪና ስለምንሄድ አላየንም። እኔም አላየሁም፤ ነውር ነውና አልፈተሽኩም።

በ2014 በጥቅምት፣ ግራና ቀኙ እርሻ ያላቸው ሙሴ ፕራዴል ሁለቱን ማሳቸውን ለማገናኘት ያንን የገዳሙን መንገድ ሊገዙ ጠየቁ። ማንም የማይሄድበት የመንደር መንገድ ሊሸጥ እንደሚችል ታውቃላችሁ፤ ማስታወቂያው በማዘጋጃ ቤቱ በር ተለጥፎ ሁላችንም ተሰበሰብን። ከንቲባዋ መዳም ላፎሬ «በአሥር ዓመት ውስጥ በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው አለ?» ብለው ጠየቁ። ሙሴ ፕራዴል ሰው አልበደሉም። «ከብት እንኳ አያልፍበትም መዳም፤ ጥንቸል ካልተቆጠረች በቀር» አሉ፤ ሰው ሳቀ።

ሙሴ ኦክታቭ ከኋላ ቆመው ቆባቸውን አወለቁ። «ሰው ያላለፈበት እኔ ስላዞርኩት ነው» አሉ። የሠሩትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገሩ። ዳቦ ጋጋሪው ክሎቪስ «እንዲህ ነው! ለአሥር ዓመት መጠጥ ቤት ከፍተህ ለእኛ ሳትነግረን?» ብሎ አዳራሹን አሳቀ። መዳም ላፎሬ ግን ሳይስቁ «ለምን ሙሴ ኦክታቭ?» አሏቸው።

«ቤቱ ዝም አለብኝ» አሉ።

እኔ አልሳቅሁም፤ የተናገርኩትም ዛሬ ያሳፍረኛል። በበሩ ላይ ይዤአቸው «ብሩሹን አምጣ። ሌባ ሰው ቀለም አይዝም» አልኳቸው። ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። ወንዝ ዳር አብረን ምሳ ስንበላ የኖርን ሰዎች ነን።

ከንቲባዋ ሽያጩን እስከ ፋሲካ አቆዩት፤ መንገዱ እስከዚያ ከተከፈተና እግረኛ ከሄደበት ይቀራል፣ ካልሆነ ይሸጣል ተባለ። ሙሴ ኦክታቭ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነበር። ገጀራቸውን ይዘው ከድልድዩ ጀምረው ወደ ላይ መመንጠር ያዙ። ክረምቱን ሙሉ። የማኅበሩ ወጣቶች መጋዝ ይዘው ሲመጡ «እኔ ያሳደግሁት እሾህ ነው፣ ተዉኝ» ብለው መለሷቸው። ሙሴ ፕራዴል እንኳ አንድ ቀን ከትራክተራቸው ወርደው «ሽማግሌው፣ ልትሞትብኝ ነው እንዴ? ድንች ያለበት ኬክ ሚስቴ ልካለች፣ ቁጭ ብለህ ብላ» አሏቸው፤ በሉና ቀጠሉ። እኔ በየካቲት ሄድኩ። እጃቸው እስከ ክንዳቸው ተቧጭሮ ነበር። የገዳሙ ደፍ ታይቷል። ብሩሹን ከኪሴ አውጥቼ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩላቸው።

ከፋሲካ በፊት ባለው ሐሙስ ሁለታችን ወደ ድንጋዩ መስቀል ወጣን። በግራ ሁለቱን መስመር ቀቡ። ወደ ቤታቸው የሚወስደው አስፋልት ላይ መስቀለኛው መደረግ ነበረበት። «ይህን እንኳ እኔ ልቀባው ኦክታቭ» አልኳቸው። «ዕውር ነህ እንዴ? አንተ ስትቀባ ይንጋደዳል» ብለው ራሳቸው ቀቡት። ነጩ እስኪደርቅ ጠበቁ፤ ቀዩን ጨመሩ። ቀጥ ያለ ነበር።

በፋሲካ ማግሥት አሥራ አንድ እግረኞች በገዳሙ በኩል ወረዱ። መንገዱ አልተሸጠም። ዛሬም ክፍት ነው።

ከዚያ ወዲህ በላ ቮርዜል ያለፈ እግረኛ የለም። እሳቸው ሲያርፉ አምስት ዓመት ሊሞላው ሦስት ወር ቀርቶት ነበር። ሲልቬት እሑድ እሑድ ከናንት ትደውል ነበር፤ «ደህና ነኝ፣ ገዳሙ ብዙ ሰው አየ» ይሏት ነበር። ልባቸው መታመም የጀመረው በዚሁ ጊዜ ሲሆን ሐኪም ቤት መተኛት ግን እንቢ አሉ። እኔ ሐሙስ ሐሙስ እመጣለሁ ብያቸው ነበር፤ አንዳንዱን ሐሙስ መጣሁ።

በዚህ በ2020 ጥር በአሥራ አራተኛው ቀን ደብዳቤ አዳይዋ በራቸውን ብታንኳኳ መልስ በማጣቷ ገብታ በወጥ ቤታቸው ወንበር ላይ ዐርፈው አገኘቻቸው። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነበር።

ትናንት ለቀብሩ የሚለብሱትን ሱፍ ላመጣ ከመስቀሉ ማዶ ካለው ቤቴ ተነሥቼ ወደ ቤታቸው በእግሬ ሄድኩ። ከድንጋዩ መስቀል ጋ ስደርስ እግሬ ሳያስብ የቀለሙን ምልክት ተከትሎ ወደ ግራ ታጠፈ፤ ከገዳሙ ደፍ ላይ ደርሼ ነው ወዴት እሄድ እንደነበር ትዝ ያለኝ። ሥራቸው ትክክል ነበር። እኔንም ከደጃቸው መለሰኝ።

ሙሴ ኦክታቭ ልጃቸውን ሲልቬትን፣ የልጅ ልጆቻቸውን ባስትየንንና ኤሎዲን፣ በፓሪስ ያሉ ታናሽ እኅታቸውን መዳም ጀርሜንን፣ የመንገድ ማኅበራቸውን፣ እኔንም ትተው ሄደዋል። ከአግዳሚ ወንበራቸው ላይ ውኃ ጠጥተው ያለፉት፣ ስማቸውን የማናውቃቸውና ዛሬ መሞታቸውን ያልሰሙትም ከተተዉት ይቆጠራሉ።

እግዚአብሔር የሠሩትን ስሕተትም ያቀኑትንም አይቷልና፣ ነፍሳቸውን ማንም ሳይገባ በማያልፈው ደጅ ያሳርፍልን፤ ማርስሊንም በሩ ላይ ይቀበሏቸው። አሜን።