ቢጫ ያልሆነው ኤንዛይም

ወጣቷ ተመራማሪ ከአሳንሰሩ ስትወጣ ከላቦራቶሪው ኃላፊ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመች። አዛውንቱ ሣጥን ታቅፈው ወደ ቆሻሻ ማቃጠያው ክፍል ይገሰግሱ ነበር። ክዳኑ ላይ የራሷን የእጅ ጽሑፍ አየች። የዓመታት ልፋቷ ነበር።

“እንደምን አደሩ ጋሼ? ልርዳዎት?” አለች፤ ያማራት ግን መርዳት ሳይሆን መንጠቅ ነበር።

“ደህና ነኝ ልጄ። ማቀዝቀዣው ሞልቶ ሥራ ፈቶቹን ናሙናዎች እያስወጣሁ ነው።”

እኚህ ሰው ሠራተኛው በሹክሹክታ “ቢጫው ዳኛ” የሚላቸው ናቸው። ሙያቸው ፎስፋታዝ ነው፤ ከሌሎች ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት የተባለውን ትንሽ ኬሚካላዊ ምልክት የሚያነሣ ኤንዛይም። የሚፈትኑበት ፈሳሽ ኤንዛይሙ ከሠራ ቢጫ ይሆናል፤ ቢጫ ካልሆነ ኤንዛይሙ ይጣላል። ሕጉ በማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል። ሕግ ሲያረጅ ደግሞ ለምን ብሎ የሚጠይቀው አይገኝም።

“ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህን አላስጥልም” አለች መንገዱን ዘግታ።

“ምን ያደርግልሻል? ፎስፌት የሚነቅልበትን ዋናውን አሚኖ አሲድ ተፈጥሮ ራሷ ነስታዋለች። ጥርስ የሌለው ፎስፋታዝ እኮ ነው!”

“ጥርስ ያላወጣው የልጅ ልጅዎ ጣትዎን ከጎረሰ አይለቅም ብለው ያጫወቱን እርስዎ አይደሉም?”

አዛውንቱ ሳይወዱ ፈገግ አሉ። “እሱና ይሄ ምን አገናኛቸው?”

“መያዝ ነዋ! ይህ ፕሮቲን ፎስፌቱን አይነቅልም፤ ፎስፌት የተሸከመውን መልእክተኛ ፕሮቲን ግን ይዞ በሕዋሱ አስኳል ውስጥ ያቆየዋል። እሱን ስቀንሰው መልእክተኛው እየወጣ ይቅበዘበዛል። ጎልጂው፣ ያ የሕዋሱ ማሸጊያ ክፍል፣ ብትንትኑ ይወጣል።”

“ሕዋሱን መርዘሽው ይሆናላ!”

በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አልነበሩም፤ መስጠትም አልነበረባቸውም። ማስረጃ የማይጠይቅ ሳይንቲስት ምኑን ሳይንቲስት ሆነ?

“እኔም ያንኑ ፈርቼ ፕሮቲኑን መልሼ ሰጠሁት። ሁሉም ወደ ቦታው ተመለሰ። ይምጡና ይዩ።”

ሣጥኑን ማቀዝቀዣው ውስጥ መልሰው ወደ ማይክሮስኮፑ ሄዱ። አዛውንቱ አጎንብሰው አንዱን ሕዋስ ከሌላው ጋር ደጋግመው አስተያዩ።

“የመለስሽውስ ድንገት የሚሠራ ቢሆን? በእኔ ፈተና አይተሽዋል?”

ይህን ጥያቄ ስትጠብቅ ነበር። ቀጭኗን ቱቦ ብርሃን ላይ አነሣችላቸው። ፈሳሹ እንደ ውሃ ጥርት ብሏል፤ ቢጫ የሚባል ነገር አልነካውም።

“ታዲያ ፈተናው ሲዋሸኝ ኖሯል?” አሉ ድምፃቸው ቀነስ ብሎ።

“አልዋሸዎትም ጋሼ። የጠየቁትን መልሷል። ይነቅላል ወይ አሉት እንጂ ይይዛል ወይ አላሉትም። የሚሠራውን ጓደኛውን የሚደግፍ ሥራ ፈትም አለ፤ እንዲህ ያለው ደጋፊ በመበላሸቱ የእጅና የእግራቸው ነርቭ የታመመ ልጆች አሉ። የሕመማችን መነሻ ምንድን ነው ሲሉን ጥለነዋል ልንላቸው ነው?”

አዛውንቱ ሄደው ከማቀዝቀዣው በር ላይ ወረቀቱን ገነጠሉና በሌላ ወረቀት ላይ “ቢጫ ያልሆነ፣ ማንን እንደሚይዝ ሳይጠየቅ አይጣል” ብለው ለጠፉ። ከእንግዲህ እያንዳንዱ ቱቦ ሁለት ጥያቄ ይጠየቃል፤ የበሽታ ምክንያትም ማንም ባልፈለገበት ቦታ ይፈለጋል። ማቀዝቀዣ ቢጠብ ሌላ ይገዛል፤ የተቃጠለ ናሙና ግን ከየት ይገዛል?

አዛውንቱ ይህን እያሰቡ ሳለ ድንገት ክው አሉ።

“ቅድም ሌላ ሣጥን ወደ ማቃጠያው ወስጃለሁ! እሳቱ ሳይለኮስ... ያንቺ እግር ይፈጥናል፣ ሩጪ!”

ሮጠች። እሳቸውም ነጭ ካፖርታቸውን ሰብስበው ከኋላዋ ደረጃውን ወረዱ።