ከወሰን ማዶ የሚተከል ችካል

ያን ቅዳሜ ጠዋት ከኮልፌ ወደ ዓለም ባንክ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ የተሳፈርኩት መቶ አርባ የፈተና ወረቀት አርሜ ካስረከብኩ በኋላ ነበር። የሂሳብ መምህር ነኝ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ዓይነት ትምህርት ሳስተምር፣ አንድ ዓይነት ስህተት በቀይ እስክሪብቶ ስሰርዝ ኖሬአለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ደክሞኛል። መስኮቱን ተደግፌ ትንሽ ላሸልብ ስል ከጎኔ የተቀመጡት ሰው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«መምህር፣ እንደምን አደርክ? ጎረቤትን አይቶ እንዳላዩ መሆን ተጀመረ እንዴ?»

ጋሽ ጉልላት ናቸው። እኔ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም አንደኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት መሬት ሲለኩ የኖሩ ቀያሽ ናቸው፤ በሰፈሩ የሚታወቁትም ለማንም ብለው ከተሰጠው ወሰን አንዲት ስንዝር አልፈው ባለማወቃቸው ነው። በዚህ የተነሳ ከትልልቅ ሰዎች ጋር ተቀያይመዋል፤ ሁለት ጊዜም ዕድገት ቀርቶባቸዋል። ይህን ሲያወሩ ግን ድምፃቸው ውስጥ ቁጭት ሰምቼ አላውቅም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሽ ጉልላት፤ ድካም ነው። ከየት እየመጡ ነው?»

«ከነገሬ ሱቅ።» ነገሬ የባለቤታቸው ወንድም ነው፤ ኮልፌ ውስጥ የቧንቧ ዕቃ ይሸጣል። «ውዳሴ ሰኞ ጠዋት ሥራ እንድትጀምር ተነጋግረን ጨረስን። ደረሰኝ ትቆርጣለች፣ ዕቃ ትሰጣለች። ከዚህ ወዲያ ልጅቷን ማንገላታት ይብቃ።»

ውዳሴ የመጨረሻ ልጃቸው ናት፤ ሦስተኛ ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ። በሂሳብ ትምህርት ወድቃ ሰኞ ጠዋት ድጋሚ ፈተና እንዳለባት ሕንፃው በሙሉ ያውቃል። ካለፈች ትቀጥላለች፤ ከወደቀች ወይም ካልቀረበች ከትምህርቷ ትሰናበታለች። ከዚህ ሌላ ዕድል የለም።

«ሰኞኮ ፈተናዋ ነው፣» አልኳቸው።

«አውቃለሁ።» ከካፖርታቸው ኪስ የተጠቀለለ ደብተር አወጡ። «ዛሬ ጠዋት ከጠረጴዛዋ ላይ አነሳሁት። ልጄ ሰነፍ አይደለችም፤ ሦስት ወር ሙሉ ስትለፋ አይቻታለሁ። የሚያስተምሯትን ሳይ ግን አዘንኩ። እስቲ አንተ ፍረድ።»

ደብተሩን ጉልበቴ ላይ ዘረጉት። ሁለት ጫፉ የታሰረ ገመድ መሐሉን ተይዞ ወደ ላይ ሲሳብ የሚሠራው ሦስት ማዕዘን ተስሏል። ከሥሩ «ከዜሮ እስከ ኤል» ይላል፤ ኤል የገመዱ ርዝመት ነው። ከዜሮ በስተግራ ደግሞ ያው ሦስት ማዕዘን ተገልብጦ በእርሳስ ተስሏል፤ ተሰርዞ እንደገና ተስሏል፤ ወረቀቱ ሊቀደድ ደርሷል።

«ወሰኑ ተሰጥቷል፣» አሉ በጣታቸው እየጠቆሙ። «ከዚህ እስከዚህ። ታዲያ ይሄ በስተግራ ያለው ማን የሰጣት ነው? በዚያ በኩል ገመድ አለ?»

«የለም።»

«የሌለውን እንዳለ አድርጎ መሳል ምን ይባላል?»

«ማራዘም ይባላል።»

«እኛ ዘንድ አጥር መግፋት ነው የሚባለው። ሰዎች እስር ቤት የገቡበት ነገር ነው፣ መምህር! እኔ ልጄን እንዲህ ብዬ አላሳደግኳትም።»

ፊታቸው ባይከብደኝ ኖሮ እስቅ ነበር። አየር ጤና አካባቢ መንገዱ ተዘጋግቶ ታክሲው ቆመ፤ ማምለጫም አልነበረኝም።

«ሕጉ ነው ጋሽ ጉልላት። ገመድ ከሆነ ገልብጦ ማራዘም፣ ኦድ ይባላል። ሳይገለብጡ ማራዘምም አለ፣ እሱ ኢቭን ይባላል። ተማሪው ይሄን መያዝ ብቻ ነው ያለበት።»

«እሷም አስተማሪዋን ለምን ብላ ጠይቃው ነበር። ምን አላት መሰለህ? ‹ዝም ብለሽ ያዥው›!»

ይሄ አባባል ለኔ አዲስ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ራሴ ለሰባ ተማሪ እንዲሁ ብያለሁ። ደክሞኝ ነበር፤ ደወሉም ሊደወል ነበር። አሁን ግን የገዛ ቃሌን ከአንድ ሽማግሌ አፍ ስሰማው አፈርኩ።

«እሺ፣ ዝም ብለው አይያዙት፣» አልኳቸው ቀና ብዬ። «ነገሩ እንዲህ ነው። ይህን ሦስት ማዕዘን የምንጽፈው በሞገዶች ድምር ነው፤ ሳይንና ኮሳይን የሚባሉት። እነዚህ ሞገዶች እስከ ወሰኑ መጥተው የሚቆሙ አይደሉም። ግራም ቀኝም ያለማቋረጥ ይደጋገማሉ። ቅርጹን በእነሱ የጻፈ ሰው፣ ፈለገም አልፈለገም፣ ከወሰኑ ውጪ ያለውንም ጽፏል። እሱ ካልመረጠ ድምሩ ራሱ ይመርጥለታል።»

«ስለዚህ የሚያጭበረብረው ሞገዱ ነው በለኛ።»

«ማጭበርበር አይደለም፤ ጠባዩ ነው። እኛ የምንመርጠው፣ ውጪ ያለው ነገር ጫፎቹን እንዳያበላሽብን ነው።»

«አልገባኝም፣» አሉ ደብተሩን መልሰው እየጠቀለሉ። «ያልገባኝን ነገር ደግሞ ልጄ እንድትፈርምበት አልፈልግም።»

ከታክሲ ወርደን ወደ ግቢያችን ስንገባ ውዳሴ ልብስ እያሰጣች ነበር። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ደብተሯን በአባቷ እጅ ስታይ ወደ ልብሱ ዞረች።

«ውዳሴ፣ ያኔ ፈተናው ላይ ምን ጻፍሽ?» አልኳት።

«ተዉት ጋሼ፤ አለፈ እኮ።»

«ንገሪው፣» አሏት አባቷ።

እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ገመዱ ሲለቀቅ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ነበር ጥያቄው። መገልበጥ ይሁን አለመገልበጥ ጠፋኝ። ምክንያቱን ስለማላውቅ ማስታወስ አልቻልኩም። በመጨረሻ የተሰጠኝን ሦስት ማዕዘን ብቻ ጎን ለጎን ደጋገምኩት። ቢያንስ ከራሴ ምንም አልጨመርኩም ብዬ ነው። አባዬም ቤት ስመጣ ልክ ነሽ አለኝ። እነሱ ግን ዜሮ ሰጡኝ።»

«ልክ ናት!» አሉ ጋሽ ጉልላት። «የተሰጣትን ነው የጻፈችው።»

«አይደለም፣» አልኩ። «መድገምም ማራዘም ነው። ለዚህ ቅርጽ ሳይገለብጡ ከማራዘም ጋር አንድ ነው። ቆይ፣ ገመድ አምጪልኝ።»

ውዳሴ ከጥበቃው ቤት ወፈር ያለ ረጅም ገመድ ይዛ መጣች። አንዱን ጫፍ ከልብስ ማስጫው ብረት ጋር አጥብቄ አሰርኩት። ሌላውን ይዛ ወደ ኋላ ሄዳ ወጠረችው።

«አንዴ ወደ ላይ ምቺው።»

መታችው። በገመዱ ላይ ጉብታ ተነስቶ ወደ ብረቱ ሮጠ፤ ብረቱን ነክቶ ሲመለስ ግን ወደ ታች ተገልብጦ ነበር። ጋሽ ጉልላት ገመዱን ከልጃቸው እጅ ወስደው ራሳቸው መቱት። እንደገና መቱት። ሦስቴም አራቴም ወደ ላይ የሄደው ወደ ታች ሆኖ ተመለሰ።

ቀጥሎ ገመዱን ከብረቱ ፈትቼ በመካከላቸው ሁለት ክንድ ያህል ቀጭን ሲባጎ አስገባሁ፤ የገመዱ ጫፍ እንደ ልቡ ከፍ ዝቅ እንዲል ነው። ሲመቱት ጉብታው ሳይገለበጥ፣ ወደ ላይ እንደሆነ ተመለሰ።

«ያው ገመድ፣ ያው እጅ፣» አልኳቸው። «የተለወጠው ጫፉ ብቻ ነው። አሁን ከብረቱ ማዶ ገመድ አለ እንበል። ከዚያ በኩል የተገለበጠ ጉብታ ቢመጣና ከእርስዎ ጉብታ ጋር ብረቱ ላይ ቢገናኙ፣ አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ስለሚጎትት ያቺ ነጥብ ንቅንቅ አትልም። ልክ እንደታሰረች ማለት ነው። ኦድ የምንለው ይሄ ነው፤ ሳይንም ከዜሮ ማዶ የሚገለበጥ ሞገድ ስለሆነ ድምሩ ሳይን ብቻ ይሆናል። ከማዶ የሚመጣው ያልተገለበጠ ከሆነ ግን ሁለቱ ተጋግዘው ጫፉን ያነሱታል። ኢቭን ነው፤ ከዜሮ ግራና ቀኝ አንድ ዓይነት የሆነው ኮሳይን ብቻ ይቀራል።»

ውዳሴ ገመዱን ትኩር ብላ አየችው። «ስለዚህ እኔ...»

«ሥዕልሽ ገመዱ ቆሞ እስካለ ድረስ ልክ ነበር። ሲለቀቅ ግን ሁለቱም ጫፎች ከችንካራቸው ይነሳሉ። ምንም አልጨመርኩም ብለሽ ገመዱን ፈታሽው።»

 ጋሽ ጉልላት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥሩ ነው፣ አየሁ። ግን አሁንም ከብረቱ ማዶ ምንም የለም። የሌለ ነው የሳላችሁት።»

ሊያዳክሙኝ የመጡ መሰለኝ። ክርክሩን ትቼ ቤቴ ገብቼ ብተኛ ደስ ባለኝ። ከዚያ ግን ስለ ራሳቸው ሥራ አንድም ነገር እንዳልጠየቅኳቸው ትዝ አለኝ።

«ጋሽ ጉልላት፣ የሚለኩት መስመር ላይ ቤት ወይም ገደል ቢያጋጥምዎት ምን ያደርጉ ነበር?»

«ምን ችግር አለው? ወደ ጎን እወጣለሁ። ጎረቤቱን አስፈቅጄ በሱ መሬት ላይ ችካል እተክላለሁ፤ ሜትሮዬን በዚያ በኩል እዘረጋለሁ፤ ቤቱን ካለፍኩ በኋላ ወደ መስመሬ እመለሳለሁ።»

«ከወሰኑ ውጪ?»

«ከወሰኑ ውጪ።»

«አጥር ገፉ ማለት ነው?»

«እንዴት ተደርጎ! ስጨርስ እነቅለዋለሁ። ካርታው ላይም አይገባም።»

«የኛም አይገባም። መልሱ የሚጻፈው ከዜሮ እስከ ኤል ብቻ ነው። በስተግራ ያለው ችካል ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ይነቀላል።»

የያዙትን ገመድ መሬት ላይ ጣሉት።  ሲናገሩ የተቆጡት በኔ ላይ ነበር።

«ታዲያ ይሄን ለምን አትነግሯቸውም? እኛ ጎረቤቱን ሳናስፈቅድ ችካል ብንተክል በድንጋይ ነበር የምንባረረው። እናንተ ያለ ምንም ቃል የልጅ ጭንቅላት ውስጥ ትተክሉና ‹ያዥው› ትላላችሁ። እንደሚነቀል እንኳ አልነገራችኋትም!»

 ትክክል ነበሩ። እኔ ሊረዱ ይችላሉ ብዬ ያልገመትኳቸው ሰው፣ በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ማንም ኃላፊ ያልነገረኝን ስህተቴን ነገሩኝ። «ከዛሬ ጀምሮ እነግራቸዋለሁ፣» አልኩ፤ ከልቤ ነበር።

ጋሽ ጉልላት ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። አንዱ ጫፍ በችንካር ቢታሰር፣ ሌላው ልቅ ቢሆንስ?»

ይህን ገና አልነገርኳትም ነበር። ልመልስ ስል እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። «እሷ ትናገር። ይሄንንም እንደ ድሮው ሸምድዳው እንደሆነ ልወቅ።»

ውዳሴ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። በጠጠር አፈሩ ላይ አንድ ጉብታ ሳለች፤ ከጎኑ ሌላ፤ ደመሰሰችና እንደገና ሳለች። ከላይኛው ፎቅ አንድ ሬዲዮ ይጮኻል። 

«በታሰረው በኩል እገለብጠዋለሁ፣» አለች በቀስታ። «በልቁ በኩል ሳልገለብጥ አሳልፈዋለሁ። ግን... ዙሩ ቶሎ አይገጥምም። መጀመሪያ ወደነበረበት እስኪመለስ የገመዱን አራት እጥፍ ይሄዳል። አራት ኤል።»

«ልክ ነው?» አሉኝ።

«ልክ ነው።»

«ደብተርሽ ላይ አለ?»

«የለም አባዬ። አሁን ነው ያየሁት።»

ሰው አንድን ሕግ ምክንያቱን አውቆ ሲይዘው ምን እንደሚያገኝ ያን ጊዜ ፊቷ ላይ አየሁት። የሚሸመደድ ነገር ይቀንስለታል፤ መጀመሪያ ጫፎቹ ምን ላይ እንዳሉ ይጠይቅና ቀሪውን ከዚያ ያወጣዋል። የሥራው ግማሽ ሳይጀመር ይቀልለታል፤ ሳይን ብቻ ወይም ኮሳይን ብቻ ይቀረዋልና። ያልተማረው ጥያቄ ሲመጣም አይደነግጥም። እኛ መምህራን አንድ ገመድ ይዘን ክፍል ብንገባ፣ እኔ በቀይ እስክሪብቶ ከሰረዝኩት ምን ያህሉ ይቀር እንደነበር ማሰብ አልፈለግኩም።

ጋሽ ጉልላት ስልካቸውን አወጡ። «ነገሬ፣ ሰኞ ልጅቷ አትመጣም፤ ሌላ ሰው ፈልግ። አይ፣ አልታመመችም። ፈተና አለባት። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

ስልኩን ኪሳቸው ከተው ደብተሩን ለልጃቸው ሰጧት። ውዳሴ ተቀብላ አልተነሳችም። ሦስት ወር የያዘችው ድካም ባንዴ የወረደባት ይመስል ነበር።

«ብወድቅስ አባዬ?»

«ብትወድቂ በራስሽ ስህተት ትወድቂያለሽ፣» አሉ። «ያለፈው ጊዜ የወደቅሽው ግን ከወሰን አትለፊ ብዬ ባሳደግኩሽ በኔ ነው።»