ለሦስት ቀን የተቆለፈ አፍ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መርከብ ላይ ሰው ማናገር አልወድም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሳስተምር፣ የሰው ልጅ ሳናግር ኖሬያለሁና ይበቃኛል። በዚያ ዓርብ ግን ጥርሴን ለማስነቀል ፊዮርዱን፣ ያን በተራሮች መሃል የገባ ባሕር፣ ስሻገር፣ ጎረቤቴ አስላክ ከመርከቡ ሻይ ቤት ጥግ ተቀምጦ አየሁት። ያዘዘው ስቬሌ የሚሉት ቂጣ ቅቤው ረግቶ ከፊቱ ተቀምጧል። አስላክ የመርከብ ቂጣ ቀርቦለት ሳይበላ ሲቀር አይቼ አላውቅም። ደረቱ ላይ አንድ ታብሌት እንደ ሕፃን ታቅፏል።

«ምነው፣ ደህና አይደለህም እንዴ?» አልኩት።

«ደህና ነኝ።»

«ቦርግሂልስ ተሻላት?»

ዐይኑን ወደ ታብሌቱ መለሰ። ሚስቱ ቦርግሂል ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መትቷት አንደበቷ ተይዟል። ሐሳቧ ሙሉ ነው፤ የሚጠፋባት ቃሉ ነው። የምትናገረው በዚያ ታብሌት ነበር፤ ሥዕል ስትነካ ማሽኑ ቃሉን ያወጣላታል። ከንግግር አስተማሪዋ ጋር ሆና አራት መቶ ያህል ሥዕል አንድ በአንድ ሰብስባበታለች። የልጅ ልጆቿ፣ ጎረቤቶቿ፣ የምትወደው የዓሣ ሾርባ፣ የምትሳደብበት ቃል ሳይቀር እዚያ ውስጥ ነው። ማክሰኞ ጧት ቤቷ ውስጥ ወድቃ ከተማ ሆስፒታል ገብታለች።

ይህን ጊዜ ቱቫ ሰላም ልትለኝ መጣች። የድሮ ተማሪዬ ናት፤ አሁን ከተማ የንግግር ሕክምና ትማራለች። ታብሌቱን ገና ስታይ አወቀችው።

«ጋሽ አስላክ፣ ይሄ ባለቤትዎ የሚናገሩበት አይደል? እሳቸው ሆስፒታል ሆነው እርስዎ ጋ ምን ይሠራል?»

አስላክ አንገቱን ደፋ። «ተቆልፏል» አለ።

ነገሩ በግድ፣ ቁራጭ በቁራጭ ወጣ። ማክሰኞ ሚስቱን በአምቡላንስ ሸኝቶ ሲመለስ ሬዲዮው ስለ ሌቦች ያወራ ነበር፤ በታብሌት ገብተው የሰው ገንዘብ ስለሚዘርፉ። የእነሱ የመክፈቻ ቁጥር ደግሞ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል።

«ነርሷ ታውቀዋለች፣ የጽዳቷ ሴትዮ ታውቀዋለች፣ ፖስተኛው ሳይቀር ያውቀዋል። ተናደድኩና ቀየርኩት። ለማንም አልነገርኩም፣ አልጻፍኩትም። ረቡዕ ልወስድላት ስነሳ ከራሴ ላይ ጠፋ። የጀልባዬን ቁጥር ሞከርኩ፤ የተጋባንበትን ቀን ሞከርኩ። ስምንት ጊዜ ተሳሳትኩ። አሁን ጠብቅ ይለኛል እንጂ አይከፍትልኝም።»

«እና ወዴት እየወሰዱት ነው?»

«ሱቅ ነዋ። ደውዬላቸዋለሁ። ሁሉን ደምስሰን እንከፍተዋለን ብለዋል።»

ቱቫ ከወንበሯ ተነሳች። «ደምስሰው? ቃላቶቻቸውስ? ቅጂ አላቸው?»

«የላቸውም። አስተማሪዋ ቅጂውን በኢንተርኔት እናስቀምጥ ስትለኝ እምቢ አልኩ። የሚስቴን ቃል የማላውቀው ሰው ጎተራ አላስገባም አልኩ።»

አፌን ያዝኩ። በዚያው ዕለት ሰባት ሰዓት ላይ የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ሆስፒታል እንደሚመጡ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ቦርግሂል ወደ ቤቷ ትመለስ ወይስ ለዘለቄታው አረጋውያን መጦሪያ ትግባ፣ የሚወሰነው በዚያ ስብሰባ ነው። ሴትዮዋ ስለ ራሷ ኑሮ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ሊወሰንባት ነው ማለት ነው።

«ማክሰኞ በስንት ሰዓት ነው የቀየሩት?» አለች ቱቫ።

«የቀትሩ ዜና ሲጀምር። ስድስት ሰዓት።»

የግድግዳውን ሰዓት አየች። አምስት ከሠላሳ ሁለት ይላል።

«ስሙኝ ጋሽ አስላክ። ይሄ ማሽን ቁጥሩን ቀይሮ ለረሳ ሰው ሦስት ቀን ምሕረት ይሰጣል። ሦስቱ ቀን ካላለፈ በአሮጌው ቁጥር ገብቶ አዲስ ማውጣት ይቻላል፤ አንድም ነገር አይጠፋም። ስድስት ሰዓት ካለፈ ግን አለቀ። ሃያ ስምንት ደቂቃ አለን፤ እንሞክረው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ዘሎ ይሰጣታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ አስላክ ጭራሽ አጥብቆ ታቀፈው።

«አይሆንም። ዛሬ አንቺ፣ ነገ ደግሞ ሌላው። መልሼ አደባባይ ላስጣው?»

«የቤትዎ ቁልፍ የት ነው ያለው?»

«የት ይሆናል! ከበሩ ጎን ምስማር ላይ።»

«ማን ያውቃል?»

«ማን የማያውቅ አለ?»

«ታዲያ ቤትዎን ለመንደር ሰጥተው ስድስት አኃዝ ከገዛ ልጅዎ ይደብቃሉ?»

«እሱን የሚያውቀው ጎረቤቴ ነው፣ ፊቱን አውቀዋለሁ!» አለ ጠረጴዛውን መትቶ። «ቢሰርቀኝ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አገኘዋለሁ። የዚህን ሌባ የት አገኘዋለሁ?»

እውነቱን ልናገር፣ የረታት መስሎኝ ነበር። ቱቫም አላጣጣለችበትም።

«እውነትዎን ነው። ፍሪጅ ላይ መለጠፉ ስሕተት ነበር፤ መቀየርዎም ልክ ነው። የተሳሳቱት ብቻዎን መያዝዎ ላይ ነው። ቁልፍ ምስማር ላይ ካልተሰቀለ የግድ ባሕር ይጣላል እንዴ? አንድ የሚያምኑት ሰው ይወቀው። ወረቀት ላይ ይጻፍና ሳጥን ውስጥ ይቆለፍ። ቃላቱን ጎተራ አላስገባም ካሉ፣ ቅጂውን በትንሽ ፍላሽ አድርገው ቤትዎ ያስቀምጡት። የግድ የማያውቁት ሰው ጋ ይሁን ያለዎት የለም።»

«በኋላ እናየዋለን» አለና ተነስቶ ወደ ውጭ ወጣ። አምስት ከአርባ ሆኗል።

ተከተልኩት። ነፋሱ ፊት ይገርፋል። ተናድጄ ነበር፤ ስናደድ ደግሞ ምላሴ አይታዘዘኝም።

«አስላክ፣ ይሄ የሌባ ነገር አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ምን ፈርተህ ነው?»

«እኔ እናገርላታለሁ። ሃምሳ አንድ ዓመት አብሬያት ኖሬ የምትለውን አጣዋለሁ?»

«ምን ትላለች ታዲያ?»

«ቤቴ ትላለች!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ባትልስ? ማክሰኞ ስትወድቅ ማንሳት አቃተኝ፣ መምህር። ሰው እስኪመጣ አርባ ደቂቃ ወለሉ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዐይኗን አየሁት። መጦሪያ ይሻለኛል ብትልስ? ከሷ ከምሰማው...»

አልጨረሰውም። አይ የሰው ነገር! ቁጥሩንስ የረሳው ከልቡ ነው። ተቆልፎ ቢቀር ግን ግማሽ ልቡ አልጠላም፤ ይህን እሱም ያወቀው ገና አሁን፣ አፉ ሲያወጣው ነው። ልወቅሰው ፈልጌ አልቻልኩም።

ቱቫ ከኋላችን ቆማ ሰምታለች። «ጋሽ አስላክ፣ ከተደመሰሰ እኮ ቤቴ ማለትም አይችሉም። እርስዎ ቤቷ ይላሉ፣ ማዘጋጃ ቤቱ መጦሪያ ይላል፤ እሳቸው በመሃል እንደ ዕቃ ይቀመጣሉ። ይሄን ነው የሚፈልጉት?»

«አልፈልግም» አለ፤ በጭንቅ ነው የሰማነው።

ወደ ውስጥ ሮጥን። አምስት ከሃምሳ አንድ። ቱቫ ከታች በኩል ያለችውን «ረሱት?» የምትል ትንሽ ጽሑፍ አሳየችው። አስላክ ሦስት ቀን ሙሉ አይቷታል፤ ብነካት ሁሉን ታጠፋለች ብሎ ፈርቶ ነበር። ነካት። ማሽኑ የቀድሞውን ቁጥር ጠየቀ።

«ራስዎ ይጻፉ፤ እኔ ዞር እላለሁ» አለችና ጀርባዋን ሰጠችው።

ጣቱ በብርዱ ደርቋል። ጻፈ፤ ተሳስቷል አለው። መርከቡ ከወደቡ ጋር ተጋጭቶ ተንገጫገጨ፤ ድምፅ ማጉያው መኪና ያላችሁ ውረዱ እያለ ይጮሃል። አስላክ ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ አሞቀና ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እየጠራ እንደገና ጻፈ። አምስት ከሃምሳ ስድስት ላይ ተከፈተ። የቦርግሂል ሥዕሎች ሁሉም በየቦታቸው ነበሩ። አዲሱን ቁጥር ከማስገባቱ በፊት ቱቫ ሁለት ወረቀት ላይ አጻፈችው፤ አንዱን ለራሱ፣ አንዱን በታሸገ ፖስታ ለልጁ።

ጥርሴን ትቼ አብሬያቸው ሄድኩ። የማዘጋጃ ቤቷ ሴትዮ ቅጹን ሞልታ ጠብቃናለች፤ የቀረው ፊርማ ነው። «መጦሪያ» ይላል። ቦርግሂል ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀምጣለች። አስላክ ታብሌቱን ጭኗ ላይ ሲያኖርላት ጊዜ አላጠፋችም።

«አስላክ። ሦስት። ቀን። ደደብ» አለ ማሽኑ።

ሁላችንም ሳቅን። «እውነቷን ነው» አለ አስላክ፤ እሱ አልሳቀም።

ሴትዮዋ ጠየቀቻት፤ የት መኖር ይፈልጋሉ? ቦርግሂል ሥዕሎቹን ረጋ ብላ ፈለገች። «ቤት» አለች። አስላክ በረጅሙ ተነፈሰ። እጇ ግን ገና አላረፈም።

«አስላክ። ድካም። ቅዳሜ። እሑድ። እኔ። መጦሪያ። አስላክ። እንቅልፍ።»

እሱም ማዘጋጃ ቤቱም ያላሰቡት ነገር ነው። ሴትዮዋ ቅጹን ቀድዳ አዲስ አወጣች፤ ሳምንቱን በቤቷ፣ ሁለቱን ቀን በመጦሪያ ብላ ጻፈች።

እንግዲህ ወዳጄ፣ ቁጥርህን አደባባይ አትስቀል፤ ብቻህንም አትቅበረው። የምታምነው አንድ ሰው ይወቀው። የማይተካ ነገርህ ሁለተኛ ቅጂ ይኑረው። የረሳህ ዕለት ሳታፍር ፈጥነህ ጠይቅ፤ ጊዜ ካለፈ የማይከፈት በር አለ። ይህን ያደረገ ሰው ሌባ አያገኘውም፣ ቢረሳም አይደነግጥም፣ ቤተሰቡም በሱ መርሳት አይጎዳም። አስላክ ዛሬ ይህንኑ በየመርከቡ ላገኘው ሽማግሌ ሁሉ ይሰብካል፤ ከኔም ብሷል።

የዚያን ዕለት ስንመለስ ግን ብዙ አላወራም። ግማሽ መንገድ ላይ ወደኔ ዞረ።

«መምህር፣ እኔ ስለሷ ልናገር ነበር የሄድኩት» አለኝ። «ድካሜን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እሷ ተናገረችልኝ።»