«ሁልጊዜ ፍቀድ»

ለእትዬ ፈሪሀ፣

አሰላሙ አለይኩም። የእጅ ጽሑፌ አያምርም፣ ፊደልም እሳሳታለሁ፤ ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩምና አይፍረዱብኝ። በአፌ ልንገርዎ ብል ደግሞ ያውቁኛል፣ ከደጅዎ ደርሼ ነው የምመለሰው።

የእናትዎ እግር ተሻለው? የጎብዬ ሙቀትስ እንዴት ይዞዎታል? ቆቦ ያው ነው፤ ዝናቡ ቀርቶ ሰው ሁሉ የጉድጓድ ውሃ ተራውን ይጠብቃል። እኔ አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ። እንዲያውም እረፍት ላይ ነኝ። ኮምፒውተር ቤትዎን መጥረግ ከተውኩ ዛሬ ስምንተኛ ቀኔ ነው። አንድ ደግ ሰው «ሁለተኛ እንዳትመጪ» ብሎ አሳረፈኝ። ስሙ ምን ያደርግልዎታል? የቤትዎን ቁልፍ የያዘው ሰው ነው… ላያውቁት ይችላሉ።

ሰው እንዲህ ይማራል? የገበሬዎቹ የውሃ ተራ መዝገብ በስልክ እንዲታይ ብሎ ሲሠራ ከኋላው ሆኜ አቧራ እየጠረግሁ አየዋለሁ። ኮዱን የሚጽፍበት ገጽ ላይ ኤአይ የሚባለው ረዳት አለ። ከጎኑ የሰርቨሮች ስም ተደርድሯል፤ ኤአዩ መዝገብ የሚያነበውም የሚሰርዘውም በእነሱ በኩል ነው። አንዱ የውሸት ስም የሞላበት መለማመጃ ነው። ሌላው እውነተኛው መዝገብ ነው። ሲገናኝ አረንጓዴ ነጥብ ያበራል፣ ሲያጠፉት ግራጫ ይሆናል። ያ ሰው ጠዋት ጠዋት እውነተኛውን አጥፍቶ ነው ሥራ የሚጀምረው። ሲያስታውስ ማለቴ ነው… የተማረ ሰው ስንቱን ያስታውሳል?

እምነቱ ደግሞ! ኤአዩ አንድ ነገር ከመንካቱ በፊት «ልቀጥል?» እያለ ይጠይቀው ነበር። መጠየቁ ሰለቸውና «ሁልጊዜ ፍቀድ» የሚለውን ተጫነለት። ማሽንን እንዲህ የሚያምን ሰው ከየት ይገኛል? እኔን የመጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ ስወስድ በደብተር ያስፈርመኝ ነበር። ልክ ነው፣ እኔ ማሽን አይደለሁም።

ያን ማክሰኞ «ያሉትን ስሞች ሰርዝና እንደ አዲስ ጀምር» ብሎ አዘዘው። የቱን መዝገብ እንደሆነ አልነገረውም፤ ያን ቀን ሁለቱም ነጥቦች አረንጓዴ ነበሩ። ወዲያው ስልክ ተደወለለትና ደጅ ወጣ። ሥራው እንዴት እንደተሳካለት ሲያስረዳ እስከ መስጊዱ ይሰማ ነበር። ድምፁ ማሻአላህ ነው። እስኪመለስ ሦስት መቶ ሃያ ገበሬ ከነበረበት መዝገብ መቶ ሰማንያው ብቻ ቀረ።

ገበሬዎቹ ሲመጡ ምን አለ መሰለዎ? «ልጅቷ አቧራ ስትጠርግ ነክታው ነው።» አልሰደበኝም እኮ። «ልጅ ናት፣ ማሯት» ብሎ ለመነልኝ። ደግነቱን ይዩልኝ! «የቀረውን ሮጬ ደርሼ ያተረፍኩት እኔ ነኝ» ሲላቸው ደግሞ አጨበጨቡለት። ጋሽ አስፋውማ፣ የራሳቸው ስም የጠፋባቸው ሰውዬ፣ ግንባሩን ሳሙት። እኔ ወለሉን አየሁ። ንጹህ ነበር፣ ጠዋት ጠርጌዋለሁ።

አሁን እናቴ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ «የዚያች የነካችው ልጅ እናት» ይሏታል። ቤት ስትገባ «እውነት ነክተሻል?» ትለኛለች። ጀሪካኑን ከጀርባዋ አወርድላታለሁ።

ነክቻለሁ፣ እትዬ። በዚህስ አልዋሸም። ይህን ለእናቴም ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ስሞቹ አንድ በአንድ ሲጠፉ የጎረቤታችንን የአስረሳሽን ስም አየሁ፤ እሱም ጠፋ። በር ላይ ቆሜ የሰው ስልክ ለማቋረጥ አፈርኩ። ጨርቄን አስቀመጥኩና፣ እሱ ጠዋት ጠዋት ሲያደርግ እንዳየሁት፣ ከእውነተኛው መዝገብ አጠገብ ያለውን ማጥፊያ ተጫንኩት። ነጥቡ ግራጫ ሆነ። ስሞቹ መጥፋት አቆሙ። ጨርቄን አንስቼ መስኮቱን መጥረግ ቀጠልኩ። ሰውዬው ሲገባ ኤአዩ ቆሞ ነው ያገኘው…

እንግዲህ አላህ ከፍ ያድርገው፤ የወረዳውን መዝገብ ሁሉ ያስረክበው። በእኔም ቦታ ከአቧራ በቀር ምንም የማታይ፣ ምንም የማትነካ ልጅ ይስጠው።

አሚን ይበሉ።

ኢስራ